ባለ ሦስት አውታር የሕንፃ ሞዴልን ወደ ንጹሕ የቬክተር መስመር ሥዕል ስለ መቀየር

ጥያቄ፦ ባለንድፍ

ጤና ይስጥልኝ። የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ባለ ሦስት አውታር ሞዴል በእጄ አለ። ከዚህ ሞዴል ኤሌቬሽኖችን (ሕንፃው ከፊትና ከጎን የሚታይባቸውን)፣ ሁለት ሴክሽኖችን (ተቆርጦ የሚታይባቸውን) እና አንድ አይሶሜትሪክ እይታ (ሦስቱም አቅጣጫዎች እኩል የሚያጋድሉበትን) አውጥቼ፣ በመስመር ብቻ የተሠሩ ጠፍጣፋ ሥዕሎች አድርጌ በኤስቪጂ ወይም በፒዲኤፍ ፋይል ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ሥዕሎቹ የታሰቡት ለሁለት አገልግሎት ነው፤ አንደኛው መጽሐፍ ውስጥ በተለያየ መጠን ለማተም ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ እስክሪብቶ በሚይዝ ፕሎተር በትልቅ ወረቀት ላይ ለመሣል ነው። ስለዚህ ፎቶ መሰል ምስል አይበቃኝም፤ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው የሚመረጥ፣ ውፍረቱ የሚቀየርና ሲያስፈልግ የሚሰረዝ መሆን አለበት።

ሞዴሉ ከአንድ ቦታ የመጣ አይደለም። ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው በአይኤፍሲ (የሕንፃ ሞዴል መለዋወጫ) ፋይል የደረሱኝ ሲሆን፣ ጠመዝማዛው ደረጃ፣ የበረንዳው መደገፊያና የቤት ዕቃዎቹ ግን በሜሽ መልክ (ከጥቃቅን ጠፍጣፋ ገጾች ተሠርተው) ለየብቻ የተጨመሩ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ላይ አስቀምጬ ለማውጣት ስሞክር የገጠሙኝ ችግሮች የሚከተሉት ናቸው። በመጀመሪያ ያወጣሁት ፒዲኤፍ ሲጎላ ፒክስሉ ይታያል፤ መስመር መስሎኝ የነበረው ምስል ነበር። በሌላ መንገድ መስመሮቹን ብቻ ሳወጣ ደግሞ ጠፍጣፋው ግድግዳ ሁሉ በሰያፍ መስመሮች ተሞልቶ፣ ደረጃውም ከጥቁር ነጠብጣብ የማይለይ ሆኖ ወጣ። በተጨማሪም ግድግዳው ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ መኖር የነበረበት መስመር ጭራሽ የለም። ፋይሉም እጅግ ከባድ በመሆኑ ኢንክስኬፕ (የቬክተር ሥዕል ማረሚያው ሶፍትዌር) ለመክፈት ረጅም ጊዜ ይወስድበታል፤ ሲከፈትም በዓይን አንድ የሚመስለው መስመር ብዙ ቦታ ተቆራርጦ ይገኛል።

ለማወቅ የምፈልገው፣ እነዚህ ጉድለቶች ከሞዴሉ ይሁኑ ወይም ከማውጫው ሶፍትዌር፣ እንዲሁም ለእንዲህ ዓይነቱ የተቀላቀለ ሞዴል የትኛውን መንገድ ብከተል እንደሚሻል ነው። የምጠቀመው በብዛት ብሌንደርንና ፍሪካድን ነው፤ ሌላ ሶፍትዌር የግድ ከሆነም ለመማር ዝግጁ ነኝ።

መልስ፦ ጠርዝና ገጽ

ችግሮቹን ለያይተው ማቅረብዎ ሥራውን ያቀልለዋል፤ ምንጫቸው አንድ አይደለምና።

ከፒዲኤፉ ልጀምር። ፒዲኤፍ መስመርንም ፎቶንም ጎን ለጎን መያዝ የሚችል ፋይል ስለሆነ፣ ስሙ ብቻ ይዘቱ ቬክተር (ከመስመር የተሠራ) ለመሆኑ ዋስትና አይሆንም። ብዙ የሕንፃ ሶፍትዌሮች እይታው ውስጥ ጥላ ወይም በገጽ ላይ የተለጠፈ ምስል ሲያገኙ እይታውን በሞላ ወደ ፒክስል ይቀይሩታል። ለምሳሌ ሬቪት ውስጥ የቬክተር ኅትመት ተመርጦ ሳለ ጥላ የበራበት እይታ ራስተር (የፒክስል ምስል) ሆኖ ይወጣል። ከስኬችአፕ ጋር የሚመጣው ሌይአውት ምርጫውን ለተጠቃሚው ይተወዋል፤ ራስተር፣ ቬክተር፣ ወይም ቀለሙ በፒክስል ሆኖ መስመሩ ብቻ በቬክተር የሚደረብበት ቅይጥ። እርስዎም ጥላን፣ የገጽ ምስልንና የሰማይ ማስመሰያን በሙሉ አጥፍተው እንደገና ቢያወጡ የመጀመሪያው ችግር ምናልባት እዚያው ላይ ያበቃል። ለማረጋገጥ ፋይሉን ኢንክስኬፕ ውስጥ ከፍቶ አንድ መስመር ጠቅ ማድረግ ይበቃል፤ የተመረጠው ነገር የገጹን ስፋት የሚያህል አራት ማዕዘን ከሆነ ምስል ነው።

ሰያፍ መስመሮቹ ግን ከዚህ የጠለቀ ጉዳይ ናቸው። ሜሽ የሚሠራው ከጠፍጣፋ ገጾች ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከፋይል ወደ ፋይል ሲተላለፍ ገጾቹ ሁሉ ወደ ሦስት ማዕዘን ይከፋፈላሉ። አንድ አራት ማዕዘን ግድግዳ ሁለት ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ መስኮት ያለበት ግድግዳ ደግሞ ብዙ። በኮምፒውተሩ ዘንድ የሦስት ማዕዘኖቹ ድንበር ሁሉ ጠርዝ ነው። ለሠዓሊ ግን ጠርዝ ማለት ቅርጽን የሚገልጽ መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ ከባለ ሦስት አውታር ሞዴል መስመር የማውጣት ሥራ ዋናው ክፍል ሞዴሉን ጠፍጣፋ ማድረግና መስመር መሣል ሳይሆን፣ ከሁሉም ጠርዞች መካከል የትኞቹ መስመር ሊሆኑ እንደሚገባ መፍረድ ነው።

ለዚህ ፍርድ የሚያገለግሉት መለያዎች ጥቂት ናቸው። አንድ ገጽ ብቻ የሚነካው ጠርዝ የገጹ ዳር ስለሆነ ሁልጊዜ ይሣላል። ከሁለቱ ገጾቹ አንዱ ወደ ተመልካቹ፣ ሌላው ወደ ኋላ የዞረበት ጠርዝ የአካሉ ዙሪያ መስመር ነው፤ ይህኛው ከተመልካቹ ቦታ ጋር ይቀያየራል። ሁለቱ ገጾች በጉልህ ማዕዘን የሚታጠፉበት ጠርዝ የእጥፋት መስመር ነው፤ የእርስዎ ሰያፍ መስመሮች የሚጣሩት በዚህ መለያ ነው። ብሌንደር ውስጥ ያለው ፍሪስታይል የተባለ መስመር አውጪ ማዕዘኑን የሚለካው በሁለቱ ገጾች መካከል ሲሆን፣ ጠፍጣፋ ማለት 180 ዲግሪ ነው። የተሰጠው መነሻ 134 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ የሰፋ ማዕዘን ያለው እጥፋት አይሣልም። ለሕንፃ ይህ መነሻ አንዳንዴ ጥብቅ ይሆናል፤ ቁልቁለቱ አነስተኛ የሆነ የጣሪያ እጥፋት ሳይሣል ሊቀር ይችላል። እኔ ለጣሪያ ወደ 170 ዲግሪ ከፍ አድርጌ፣ ለተጠማዘዙ ነገሮች ደግሞ ባለበት ትቼ በየስብስቡ ለያይቼ እሠራለሁ።

ግድግዳውና ወለሉ ሲገናኙ የጠፋው መስመር አራተኛ ዓይነት ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ግድግዳው ወለሉ ውስጥ ገብቶ ካለፈ፣ ሁለቱ አካላት በሚቋረጡበት ቦታ በሞዴሉ ውስጥ ምንም ጠርዝ የለም። ዓይን የሚያየው የቀለም ልዩነትን ነው እንጂ ተመዝግቦ የተቀመጠ መስመርን አይደለም። ጠርዝን ብቻ የሚያጣራ ሶፍትዌር የሌለውን ሊያጣራ አይችልም፤ ፍሪስታይልም ይህን መቋረጫ አያሰላም። ከብሌንደር 2.93 ጀምሮ የመጣው ላይን አርት የተባለ ሌላ መስመር አውጪ ግን የመቋረጫ መስመርን ራሱ ስለሚያሰላ፣ ለእንደዚህ ዓይነት የተቀላቀለ ሞዴል ከፍሪስታይል ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ውጤቱም የግሪስ ፔንስል (የብሌንደር የመሣያ መሣሪያ) መስመር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ኤስቪጂ ይወጣል።

አሁን ወደ ተደበቁት መስመሮች። የሚታየውን ከማይታየው የመለየት ስሌት ከኮምፒውተር ሥዕል ታሪክ ጋር እኩያ ሊባል ይችላል። ላውረንስ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባቀረበው የዶክትሬት ሥራ ለጠጣር አካላት የመጀመሪያውን ዘዴ አሳየ። የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው አርተር አፔል ደግሞ በ1967 ዛሬም በብዙ ሶፍትዌሮች ውስጥ የሚሠራበትን ሐሳብ አመጣ፤ በመስመሩ ላይ ባለ አንድ ነጥብና በተመልካቹ መካከል ስንት ገጾች እንዳሉ ይቆጠራል፣ ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ነጥቡ ይታያል። ይህ ቁጥር በመስመሩ ርዝመት ላይ የሚቀየረው መስመሩ የአንድ አካል ዙሪያ መስመርን ባለፈበት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ነጥብ መመርመር አያስፈልግም፤ በየመሻገሪያው አንድ መደመር ወይም አንድ መቀነስ ይበቃል።

ይህን የምጽፈው ለታሪክ ያህል አይደለም። ስሌቱ በመቁጠር ላይ ከቆመ፣ አንድ ቦታ ላይ የተሳሳተ ቁጥር እስከ መስመሩ መጨረሻ ይከተላል ማለት ነው። የገጾች ጫፎች በትክክል ካልተጣበቁ፣ አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ተደራርቦ ከተቀመጠ፣ ወይም የአንዳንድ ገጾች ፊት ወደ ውስጥ ከዞረ፣ መታየት የሌለበት መስመር በግድግዳ ላይ ሲያልፍ ይታያል፤ መታየት ያለበትም መሐል ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ከማውጣትዎ በፊት ብሌንደር ውስጥ ጫፎችን በርቀት ያዋህዱ፣ የገጾቹን አቅጣጫ ያስተካክሉ፣ ከዚያም በአንድ ጠለል (ጠፍጣፋ ወለል) ላይ የሚገኙትን ሦስት ማዕዘኖች ለማዋሃድ የተወሰነ ማዕዘን ያላቸውን ጠርዞች የሚያሟሟውን ትእዛዝ ይጠቀሙ። መነሻው 5 ዲግሪ ነው፤ ለጠፍጣፋ ግድግዳ 1 ዲግሪ እንኳ ይበቃል። ይህን ያደረጉ ዕለት የፋይሉም ክብደት ይቀልላል።

መልስ፦ ሶሊድ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ሆኖም ግድግዳውና ወለሉ በአይኤፍሲ ካሉ ወደ ሜሽ አውርዶ እንደገና ጠርዝ ማጣራት የተገላቢጦሽ ጉዞ ነው ብዬ አምናለሁ። አይኤፍሲ ውስጥ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ የተቀመጠው መሠረቱ ተሥሎ፣ ቁመቱ ተሰጥቶ፣ የመስኮቱ ቀዳዳ ተቀንሶለት ነው። ወደ ሦስት ማዕዘን የሚከፋፍለው አንባቢው ሶፍትዌር ነው። ፍሪካድ ግን ፋይሉን ሲከፍት አካሉን በጠጣርነቱ ሊያቆየው ይችላል፤ ያን ጊዜ አንድ ጠፍጣፋ ግድግዳ አንድ ገጽ፣ አንድ ክብ ዓምድም አንድ የተጠማዘዘ ገጽ ሆኖ ይቀራል፣ ሰያፍ መስመር የሚባል ነገር ከመጀመሪያው አይኖርም።

የፍሪካድ የሥዕል ማውጫ ክፍል የሆነው ቴክድሮው የተደበቁ መስመሮችን የሚያሰላው ኦፕን ካስኬድ በተባለው የጂኦሜትሪ ሥርዓት ሲሆን፣ ሥርዓቱ ሁለት ዘዴዎች አሉት። አንደኛው በትክክለኛው ቅርጽ ላይ የሚሠራ ነው፤ ክብን ክብ፣ ሞላላን ሞላላ አድርጎ ይሰጣል፣ ግን ለትልቅ ሕንፃ ይዘገያል። ሁለተኛው አካሉን ወደ ጥቃቅን ገጾች ከፍሎ የሚሠራ ፈጣን ዘዴ ሲሆን፣ ኩርባዎቹ ወደ አጫጭር ቀጥታ መስመሮች ይለወጣሉ። ቴክድሮው ውስጥ ኮርስ ቪው የሚለው ምርጫ በሁለቱ መካከል ይቀያይራል። ገጹን ሲያደራጁ በፈጣኑ ይሥሩ፤ የመጨረሻውን ፋይል ሲያወጡ ወደ ትክክለኛው ይመልሱት። የተጠማዘዘ ገጽ ተጠቅልሎ የሚገናኝበት የስፌት መስመርና ለስላሳ ሽግግር የሚያሳየው መስመር ለየብቻ የሚጠፉባቸው ምርጫዎችም አሉት፤ በሕንፃ ሥዕል ላይ ሁለቱም አይፈለጉም።

ሜሾቹን ግን ወደ ጠጣር አካል ለመቀየር አይሞክሩ። ፍሪካድ ይህን ማድረግ ይችላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ራሱን የቻለ ገጽ ስለሚሆን፣ ከአንድ ወንበር ብቻ ሺህ ገጽ ሲመጣ ትክክለኛው ዘዴ ይታነቃል። ደረጃው መለኪያው ከታወቀ በጠጣር አካል እንደገና ቢሠራ ይሻላል፤ የቤት ዕቃዎቹ በብሌንደር ተሣልተው በኋላ ቢደረቡ ይበቃል።

ሴክሽንን በተመለከተ ከኤሌቬሽን ጋር አንድ ዓይነት አድርጎ ማሰብ ብዙ ሥዕል ያበላሻል። ሴክሽን ሁለት የተለያዩ ውጤቶች አሉት፤ አንዱ መቁረጫው ጠለል አካሉን የነካበት ዝግ ቅርጽ ሲሆን፣ ሌላው ከጠለሉ በስተጀርባ የሚታየው ነገር ነው። የመጀመሪያው ምንም የመደበቅ ስሌት አይፈልግም፤ የጠለልና የጠጣር አካል መገናኛ ስለሆነ ቀላልና እርግጠኛ ነው። ሁለቱን በተለያየ ሌየር አውጥተው የተቆረጠውን በወፍራም፣ በስተጀርባ ያለውን በቀጭን መስመር ይሣሉ። በሜሽ ላይ ደግሞ አካሉ ዝግ ካልሆነ የተቆረጠው ቅርጽ ስለማይዘጋ ሃች (የመሙያ ሰረዞች) ሊሞሉት አይችሉም፤ ይህም ግድግዳውን በጠጣርነቱ ለማቆየት ሌላ ምክንያት ነው።

አይኤፍሲውን በቀጥታ ወደ ኤስቪጂ የሚያወርዱ መሣሪያዎችም አሉ። አይኤፍሲ ኦፕን ሼል ከተባለው ነጻ ሶፍትዌር ጋር የሚመጣው አይኤፍሲ ኮንቨርት የሚቆረጥበትን ከፍታ ተቀብሎ ፕላን በኤስቪጂ ያወጣል። በዚያው ላይ የተገነባውና እስከ 2024 ድረስ ብሌንደርቢም ይባል የነበረው ቦንሳይ ደግሞ ፕላን፣ ሴክሽንና ኤሌቬሽን በብሌንደር ውስጥ ሆኖ ያዘጋጃል። የእነዚህ ትልቁ ጥቅም እያንዳንዱ መስመር ከየት እንደመጣ ኤስቪጂው ውስጥ ተጽፎ መቀመጡ ነው፤ ይህ ግድግዳ ነው፣ ይህ በር ነው፣ ይህ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ የመስመር ውፍረት በአንድ የሲኤስኤስ (የመልክ መመሪያ) ፋይል ይታዘዛል፣ ሞዴሉ ሲለወጥና ሥዕሉ እንደገና ሲወጣም ውፍረቱ ይጠበቃል። በእጅ አንድ በአንድ ያወፈሩት መስመር ግን በሚቀጥለው ማውጫ ይጠፋል።

ውፍረቶቹን ሲመርጡ አይሶ 128 የተባለው የቴክኒክ ሥዕል ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚከተለው ተርታ ጥሩ መነሻ ነው፤ 0.13፣ 0.18፣ 0.25፣ 0.35፣ 0.5፣ 0.7 ሚሊ ሜትር፣ እያንዳንዱ ከፊተኛው 1.4 እጥፍ ገደማ። ጎረቤት የሆኑ ሁለት ውፍረቶች በኅትመት ላይ ስለማይለዩ እኔ አንዱን እዘልላለሁ፤ 0.18፣ 0.35 እና 0.7 ለአንድ ሴክሽን በቂ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሞዴሉ በካርታ ኮኦርዲኔት የተቀመጠ ከሆነ ከሁሉ በፊት ወደ ዜሮ ያምጡት። ብሌንደር ቦታን የሚይዘው በነጠላ ትክክለኛነት ቁጥር ሲሆን፣ ይህም ሰባት አኃዝ ገደማ ብቻ ይይዛል። ከዜሮ 500,000 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ነጥብ ሊንቀሳቀስ የሚችለው በ3 ሳንቲ ሜትር ገደማ እርምጃ ነው፤ 4,000,000 ሜትር ላይ ደግሞ እርምጃው 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቀጥ ያለ ግድግዳ ሲንቀጠቀጥ፣ የመስኮት ክፈፍም ሲጣመም ካዩ ምክንያቱ በአብዛኛው ይህ ነው፤ ምንም ያህል ማዕዘን ቢያጣሩ አይስተካከልም።

መልስ፦ የብዕር ጫፍ

ሁለቱም መልሶች ስለ ሞዴሉ ናቸው፤ እኔ መስመሩ ከወጣ በኋላ ስላለው ልናገር። ፕሎተር ስለጠቀሱ በተለይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ።

አንዳንድ ማውጫዎች የተደበቀ መስመርን አይሰርዙም፤ ገጾቹን ከሩቅ ወደ ቅርብ ደርድረው፣ እያንዳንዱን ነጭ ቀለም ሞልተው፣ አንዱን በሌላው ላይ ያነጥፋሉ። ይህ የሠዓሊው ዘዴ የሚባለው ነው። በስክሪን ላይም በመጽሐፍ ኅትመትም ውጤቱ እንከን የለውም፤ እንዲያውም በኋላ ገጾቹን ቀለም መቀባት ለሚፈልግ ከመስመር ብቻ ይሻላል። ፕሎተር ግን ነጭ ቀለም አያውቅም። ከስር ያለውን መስመር ሁሉ ይሥላል፤ ከፊት ያለው ግድግዳ በስተጀርባው ካለው ደረጃ ጋር ተቀላቅሎ ወረቀቱ ይበላሻል። ኢንክስኬፕ ውስጥ የአውትላይን እይታን ቢያበሩ የትኛው ዓይነት ፋይል እንደደረሰዎ ወዲያው ያውቃሉ። ፋይሉ ከተነጠፉ ገጾች የተሠራ ሆኖ ከተገኘም ከንቱ አይሆንም፤ ቪፓይፕ የተባለው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ኦከልት በተሰኘ ተጨማሪው አማካይነት በላይኛው ቅርጽ የተሸፈነውን መስመር ቆርጦ ያወጣል። ይህ የሚሠራው ግን ቅርጾቹ ዝግ ከሆኑና የተደረደሩበት ቅደም ተከተል ትክክል ከሆነ ነው፤ እርስ በርሳቸው በክብ የሚሸፋፈኑ ሦስት ገጾች ካሉ ትክክለኛ ቅደም ተከተል የሚባል ነገር ስለሌለ አንዱን መክፈል የግድ ይላል።

ቀጥሎ መደራረብ። በኤሌቬሽን ላይ የፊተኛው የግድግዳ ጠርዝና የኋለኛው ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ ያርፋሉ፤ የመስኮት ክፈፍም ከግድግዳው ቀዳዳ ጋር እንዲሁ። በስክሪን አይታይም፣ ፕሎተር ግን ያንኑ መስመር ደጋግሞ ስለሚሄድበት ወረቀቱ ይቀደዳል ወይም ቀለሙ ይፈስሳል፤ ሌዘር መቁረጫ ከሆነ ጭራሽ ያቃጥላል። ተደራራቢውን ካስወገዱ በኋላ የተቆራረጡትን መስመሮች ጫፍ ለጫፍ ያዋህዱ፤ 0.05 ሚሊ ሜትር ርቀት እንደ መነሻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ብዕሩ በባዶ የሚጓዘው መንገድ እንዲያጥር መስመሮቹን ይደርድሩ። ቪፓይፕ ማዋሃዱንም መደርደሩንም ይሠራል። ቅደም ተከተሉን አያገላብጡ፤ ተደራራቢ መስመር ሳይወገድ ማዋሃድ ብዕሩ ሄዶ በዚያው መንገድ የሚመለስበት አንድ ረጅም መስመር ይፈጥራል፣ በኋላ ለመለየትም ያስቸግራል። የኢንክስኬፕን የማቅለያ ትእዛዝ ለሕንፃ ሥዕል አይጠቀሙበት፤ የነጥቦችን ቁጥር ሲቀንስ ጥርት ያለውን ማዕዘን ያድበለብለዋል።

ከመጀመሪያው መልስ ጋር የማልስማማበት አንድ ነጥብ አለ። ሁሉም መስመር ሊሆን የሚገባው ነገር በጠርዝ ማዕዘን ብቻ አይፈረድም፤ የሥዕሉ መጠንም ይፈርዳል። በ1፡100 መጠን 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የክፈፍ ጎድጓድ በወረቀት ላይ 0.05 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ብዕሩ 0.3 ከሆነ ሁለቱ መስመሮች አንድ ወፍራም መስመር ናቸው። ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ስለሆነ ማጣሪያው ያሳልፈዋል፣ ሥዕሉ ግን ይጠቁራል። መፍትሔው ከሞዴሉ ላይ ነው፤ የበር እጀታ፣ የመስኮት ማኅተምና የመደገፊያ ብሎን ለ1፡100 ሥዕል መጥፋት አለባቸው፣ ለ1፡20 ግን ይመለሳሉ። ለመጽሐፉና ለፕሎተሩ አንድ ፋይል ለመጠቀም ካሰቡ ይህን ቀድመው ይወስኑ።

መጠንን ካነሣን፣ ብሌንደር ኤስቪጂ ሲያወጣ ሜትርን አያውቅም። በኦርቶግራፊክ (ርቀት መጠንን በማያሳንስበት) ካሜራ ላይ ያለው የስፋት ቁጥር የክፈፉን ረጅም ጎን በሞዴሉ መለኪያ ይነግራል፤ ቁጥሩ 30 ከሆነ ክፈፉ 30 ሜትር ያሳያል፣ ለ1፡100 ሥዕሉን ረጅም ጎኑ 300 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ማድረግ ነው። ኤስቪጂ አንድ ኢንች 96 ፒክስል ነው ሲል፣ ፒዲኤፍ ደግሞ 72 ነጥብ ይላል፤ ከ0.92 በፊት የነበረው ኢንክስኬፕ 90 ይል ስለነበር አሮጌ ፋይሎች ሲከፈቱ በ6 በመቶ ገደማ ሊዛቡ ይችላሉ። ሁልጊዜ በሥዕሉ ጥግ ላይ ርዝመቱ የታወቀ አንድ መስመር ሞዴሉ ውስጥ አስቀምጠው ይውጡ፤ በወረቀቱ ላይ በማስመሪያ ከለኩት ሁሉም ነገር ይረጋገጣል።

ባለንድፍ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ግድግዳውንና ወለሉን በፍሪካድ፣ የቀረውን በብሌንደር ላይን አርት አውጥቼ ለማዋሃድ ሞከርኩ። ሰያፍ መስመሮቹ ጠፍተዋል፤ ሴክሽኑም ሃች ተሞልቶለታል። አይኤፍሲው በእርግጥም በካርታ ኮኦርዲኔት የተቀመጠ ነበር፤ ወደ ዜሮ ሳመጣው የመስኮቶቹ መጣመም አብሮ ተስተካከለ።

ሁለት ነገሮች ቀርተዋል። የመጀመሪያው በአይሶሜትሪኩ ላይ 10 ሜትር የሆነው ግድግዳ ሲለካ 8.16 ሜትር ብቻ መሆኑ ነው፤ ኤሌቬሽኖቹ ግን በትክክል ይለካሉ። ሁለተኛው የጠመዝማዛው ደረጃ መደገፊያ ነው፤ ዙሪያው ለስላሳ ኩርባ መሆን ሲገባው እንደ መጋዝ ጥርስ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል፣ በአንዳንድ ቦታም ሁለት መስመር ይሆናል። ማዕዘኑን ከፍ ዝቅ ባደርግም ለውጥ የለውም።

መልስ፦ ጠርዝና ገጽ

የአይሶሜትሪኩ ጉዳይ ጉድለት አይደለም። ሦስቱም አቅጣጫዎች ከተመልካቹ እኩል ሲያጋድሉ እያንዳንዱ በ0.816 ያጥራል፤ ይህም የሁለት ሦስተኛ ካሬ ሥር ነው። በእጅ የሚሥሉ ሰዎች ይህን ትተው በሙሉ ርዝመት ስለሚሥሉ ነው የተለመደው አይሶሜትሪክ የሚለካው። እርስዎም ሥዕሉን በ1.2247 ካባዙት በሦስቱ አቅጣጫዎች ላይ ልኩ ይመለሳል፤ ሰያፍ የሆኑ መስመሮች ግን በየትኛውም መንገድ አይለኩም።

የመደገፊያው መንቀጥቀጥ በማዕዘን የማይስተካከለው፣ መስመሩ የእጥፋት ሳይሆን የዙሪያ መስመር ስለሆነ ነው። የእውነተኛ ክብ ቱቦ ዙሪያ ገጹ ከተመልካቹ የሚዞርበት ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ግን በሜሹ ላይ ከየትኛውም ጠርዝ ጋር ስለማይገጥም፣ ሶፍትዌሩ በአቅራቢያው ካሉ ጠርዞች ወዲያና ወዲህ እየዘለለ ይከተለዋል። ፍሪስታይል ገጾቹ ለስላሳ እንደሆኑ ቆጥሮ መስመሩን በገጹ መሐል እንዲያልፍ የሚያደርግ ምርጫ ስላለው፣ ለዚህ አንድ ነገር ብቻ ከላይን አርት ይልቅ እሱን ይጠቀሙ፤ ኤስቪጂ የሚያወጣለት ተጨማሪ እስከ ብሌንደር 4.1 ድረስ አብሮ ይመጣ ነበር፣ ከ4.2 ጀምሮ ግን ለብቻው ይጫናል። ሆኖም በ1፡100 ሥዕል ላይ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ 0.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ከሁሉ የሚያዋጣው ቱቦውን ከሞዴሉ አንሥቶ መሐል ለመሐል የሚያልፈውን ኩርባ ብቻ ማስቀመጥ ነው።

መልስ፦ ሶሊድ

በዚህ እስማማለሁ። ኩርባውን በፍሪካድ ሄሊክስ (እየዞረ ወደ ላይ የሚወጣ ጠመዝማዛ) አድርገው ከሠሩት ስንት ዙር፣ ምን ያህል ከፍታና ምን ያህል ሬዲየስ እንዳለው ብቻ መስጠት ይበቃል። ቴክድሮው ከግድግዳው ጋር አብሮ ሲሥለው ግድግዳው የሸፈነውን ክፍል ራሱ ይሰርዘዋል፤ ሌላ ፋይል መደረብም አያስፈልግም።

መልስ፦ የብዕር ጫፍ

ሄሊክሱ ወደ ኤስቪጂ ሲወጣ በጥቂት የቤዚየር ኩርባዎች ከሆነ መልካም፤ በብዙ አጫጭር ቀጥታ መስመሮች ከወጣ ግን ፕሎተሩ በየነጥቡ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ቀለሙ እዚያ ላይ ይጠራቀማል። ያን ጊዜ ለዚህ መስመር ብቻ የነጥቦቹን ቁጥር ይቀንሱ፤ ማዕዘን ስለሌለው የሚድበለበል ነገር የለም።

ባለንድፍ፦

ሄሊክሱን ሠርቼ አወጣሁት፤ መደገፊያው አንድ ያልተቆረጠ መስመር ሆኖ ወጥቷል፣ በግድግዳው የተሸፈነውም ክፍል የለም። የቤት ዕቃዎቹን ለ1፡100 በሙሉ አጥፍቼ ለ1፡20 ብቻ ትቻቸዋለሁ። ፋይሉም አሁን ያለ መዘግየት ይከፈታል።